የሃያ አምስት ሰከንድ ዝምታ

ካለፈው እትም ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው የተማከሩ ይመስል፣ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ወደ ኢንተርኔት የተሻገሩበት ነገር። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ረጅም ዘመን የኖርኩት ከመድረክ ጀርባ ነው፤ ሰዓት በእጄ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ፣ ተናጋሪ እያስገባሁና እያስወጣሁ። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ሰዓት ጠባቂ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን የሶፍትዌር ባለሙያዎችን የሚያሰባስብ ትልቅ ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ያዘጋጃል። ሊቀመንበራችን «በ2020 ዓለም ሁሉ በአንድ ሊንክ ጨርሶታል፤ ዘንድሮ እኛም አዳራሽ ሳንከራይ በኢንተርኔት እናድርገው፤ ወጪ የሚባል ነገር የለውም» ይላሉ። በእርግጥ እንዲህ ቀላል ነበር?
— የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ለሊቀመንበሩ ሰላምታዬን ያድርሱልኝና በ2020 በአንድ ሊንክ የጨረሰ ሰው አለመኖሩን ይንገሩልኝ። መጀመሪያ የመጣው መሻገር ሳይሆን መሰረዝ ነበር። በየዓመቱ ባርሴሎና ላይ የሚካሄደው የሞባይል ኢንዱስትሪ ጉባኤ ከ100,000 በላይ ሰው ይጠብቅ ነበር። ኤሪክሰን አልመጣም አለ፤ አማዞን፣ ሶኒ፣ ኢንቴል፣ ቮዳፎንና ኖኪያም ተከታትለው ቀሩ። አዘጋጁ ጂኤስኤምኤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ በሩ ሊከፈት አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጉባኤውን ሰረዘ። የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራው ማርች 11 ነው፤ ጉባኤው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ሞቶ ነበር።

ለእናንተ ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የጉግል ነው። ማርች 3 ቀን ለሶፍትዌር ሠሪዎች በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን አይኦ የተባለ ጉባኤ በአዳራሽ እንደማያደርግና በኢንተርኔት ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ማርች 20 ያንንም ተወው። በዚያ ሳምንት የሳንፍራንሲስኮ አካባቢ አውራጃዎች ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አዝዘው ነበርና፣ የኢንተርኔቱን ዝግጅት የሚያሰናዳውም ሰው ቤቱ ተቀምጧል። ኢንተርኔትን ለዓለም የሚያቀርበው ድርጅት በኢንተርኔት መሰብሰብ አቃተው! ካሜራ የሚይዝ፣ መብራት የሚያስተካክል፣ ድምፅ የሚመዝን፣ ተናጋሪውን «ተራዎ ደርሷል» የሚል ሰው ሁሉ አንድ ቦታ መገኘት ነበረበት። ሊንኩ የመጨረሻው ነገር ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የአዳራሹ ኪራይ መቅረቱ እውነት ነው። አብሮት የሚቀረውን ግን ሊቀመንበሩ አልቆጠሩትም። ስፖንሰር የሚከፍለው ምርቱን ለሚያሳይበት ዳስ ነው፤ ለዳሱ የሚከፍለው ደግሞ ሰው ቡና ፍለጋ ሲሄድ ሳይወድ በግድ በፊቱ ስለሚያልፍ ነው። በስክሪን ላይ ማንም ሰው በማንም ዳስ ፊት ሳይወድ አያልፍም። በ2020 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ የተካሄደው ሲኢኤስ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርኢት ከ4,400 በላይ አቅራቢዎች ነበሩት፤ በጃንዋሪ 2021 ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሲሆን 2,000 ያህል ብቻ ሆኑ። ቴሌቪዥን ለመሸጥ ቴሌቪዥኑን በላፕቶፕ ስክሪን ማሳየት ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የመግቢያ ዋጋም እንዲሁ ነው። የአፕል የገንቢዎች ጉባኤ ትኬት 1,599 ዶላር ነበር፤ ለዚያውም በዕጣ። በ2020 ነጻ ሆነ። ቢልድ የተባለው የማይክሮሶፍት የገንቢዎች ጉባኤም ከ2,000 ዶላር በላይ ከሚያስከፍልበት ወርዶ ነጻ ሆነ። እነሱ ይችላሉ፤ ለአፕል ጉባኤ ማስታወቂያ ነው፣ ለማኅበር ግን ጎተራ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚደግፈውን የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይመልከቱ፤ ዓመታዊ ሥራውን የሚደግፍበት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከፓይኮን ጉባኤው ነውና የ2020ው የፒትስበርግ ጉባኤ ሲሰረዝ በጀቱ ተናጋ። የቴክኖሎጂ መጻሕፍት አሳታሚው ኦራይሊ ደግሞ በዚያው ማርች የጉባኤ ክፍሉን እስከ ወዲያኛው ዘጋው፤ ለብዙ ዓመታት የገነባውን!

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ሰው የማያነሳው ችግር እዚህ ነውና። በስክሪን መነጋገርና በስክሪን ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቴሌኮም መሐንዲሶች መመዘኛ፣ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ጨዋታው ሳይደናቀፍ ይሄዳል ይላል። ጥቂት ሰዎች በቪዲዮ ሲሰበሰቡ ይህ ይቻላል። ተመልካቹ በሺህ ሲቆጠር ግን ምስሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይቆራረጥና በዓለም ዙሪያ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ይገለበጣል፤ የተመልካቹ ኮምፒውተርም እንዳይቋረጥበት ጥቂት ቁራጮችን አስቀድሞ ያጠራቅማል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይሆናል። ተናጋሪው አሁን ይናገራል፤ ሰሚው ያለው ከግማሽ ደቂቃ በፊት ነው።

ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። በ2020 መጨረሻ ገደማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጉባኤ፣ አንዲት የመረጃ ደህንነት ባለሙያ ለአርባ ደቂቃ ተናገረች። ጨርሳ «ጥያቄ ያለው?» አለችና ጠበቀች። እኔ ቤቴ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጬ ሰዓት እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ሰከንድ። መድረክ ላይ ስድስት ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው የቆመው ሰው ነው። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ «የለም? እንግዲያው አመሰግናለሁ» ብላ ወደ ማጥፊያው እጇን ሰደደች። እኔም በልማድ፣ እንደ አዳራሹ ዘመን፣ «ዝጉ» አልኩ። ስርጭቱ በተዘጋ በሃያ አምስተኛው ሰከንድ አካባቢ የመጀመሪያው ጥያቄ የጽሑፍ መወያያው ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ እንደ በረዶ ወረደ፤ አርባ አንድ ቆጠርኩ። ስልክ ደውዬ ስነግራት «እኔ እኮ ማንም ያልሰማኝ መስሎኝ ኮምፒውተሩን ከድኜ ተኛሁ» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የእሷም የቴክኒክ ሠራተኞቹም አልነበረም።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ አዳራሽ ባይከራዩም ሁለት ሰው ይቅጠሩ፤ አንዱ ጥያቄዎችን ንግግሩ ሳያልቅ ከጽሑፍ መወያያው የሚለቅም፣ ሌላው ተናጋሪዎችን ከቀናት በፊት አንድ በአንድ የሚያለማምድ። ለስፖንሰሮቹ ምን እንደሚሰጧቸው ግን እኔም አላውቅላቸውም።

ጥያቄ፦ ንግግሩ አስቀድሞ የተቀረጸ ከሆነ ጉባኤ መባሉ ቀርቶ ፊልም ነው። ተመልካችን ማታለል አይሆንም?
— ቀጥታ ስርጭት ወዳድ

መልስ፦ ማታለል የሚሆነው የተቀረጸውን «በቀጥታ» ብለው ሲጽፉበት ነው፤ ያንን ያደረጉ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይይላቸው። በተረፈ ግን እኔ የተቀረጸውን እመርጣለሁ።

በጁን 2020 አፕል ያደረገውን ያስታውሱ። የመክፈቻው ንግግር በሙሉ አስቀድሞ በዋና መሥሪያ ቤቱ ተቀርጾ ነበር። የማክ ኮምፒውተሮች ወደ ራሱ ቺፖች እንደሚዞሩ የተነገረው በዚሁ ነው። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ያ ወሬ በጭብጨባ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቋረጥ ነበር፤ እዚህ ግን ጭብጨባ የሚጠብቅ ተናጋሪ ስላልነበረ ንግግሩ ፈጠነ፣ ጠራ። በባዶ አዳራሽ ቆመው ለሌለ ሕዝብ ቀልድ ጥለው ሳቅ የጠበቁትንም አይቻለሁ፤ ያንን ያየ ሰው የተቀረጸውን አይነቅፍም።

ግን ዋናው ምክንያቴ ይህ አይደለም። ንግግሩ የተቀረጸ ሲሆን ተናጋሪው ነጻ ነው። የራሱ ንግግር እየታየ ሳለ እሱ ጽሑፍ መወያያው ላይ ተቀምጦ «ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?» ለሚለው እዚያው መልስ ይሰጣል። በአዳራሽ ዘመን ይህ የማይቻል ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መድረክ ላይም ከተመልካቹ አጠገብም ሊቀመጥ አይችልም። በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ጉባኤዎቹ ወደ አዳራሽ ሲመለሱ ወዲያው መረሳቱ ያናድደኛል።

ቀረጻው ቤት ውስጥ ስለሚሆን ግን የማይታሰብ ጣጣ አለው። አንድ ተናጋሪ የላከልን ድምፅ ከሥር «እእእ» የሚል ነገር ነበረበት። ስናጣራ ማቀዝቀዣው ነው። ይንቀሉትና ደግመው ይቅረጹ አልነው፤ ነቀለ፤ ቀረጸ፤ በጣም ጥሩ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ድምፁ አማረ፤ ሥጋው ግን ሸተተ» አለኝ። መልሶ መሰካቱን ረስቶታል። ከዚያ ወዲህ የድምፅ ባለሙያዎች የሚያውቁትን ዘዴ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ማቀዝቀዣውን ሲነቅሉ የመኪናዎን ወይም የቤትዎን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጡ። ሳይሰኩት ከቤት አይወጡም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ የነበረ ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ በወረርሽኙ ቀረ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ምን አመለጠን?
— የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ

መልስ፦ እውነት ነው። አይሲኤልአር ይባላል፤ በማሽን ትምህርት፣ ማለትም ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር በሚደረግበት ዘርፍ፣ ከሁሉ ከሚከበሩት ጉባኤዎች አንዱ ነው። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ አዲስ አበባ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር፤ በዘርፉ ካሉት ትልልቅ ጉባኤዎች ወደ አፍሪካ የመጣ የመጀመሪያው ይሆን ነበር። የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ የቪዛ ነገር ነው። በ2018 ሞንትሪያል ለተደረገው ኒውሪፕስ ለተባለ የዚሁ ዘርፍ ጉባኤ የተጋበዙ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች፣ በተለይ «ብላክ ኢን ኤአይ» በተባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ማኅበር ዐውደ ጥናት የሚሳተፉት፣ ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ሰዎቹ ወደ ጉባኤው መሄድ ካልቻሉ ጉባኤው ወደ እነሱ ይሂድ ተባለ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። አዘጋጆቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ገልብጠው ሠሩት፤ እኔ እንደ ባለሙያ ስመለከተው ከዚያ ዓመት ሥራዎች ሁሉ በደንብ የታሰበበት ይህ ነው። 687 ጽሑፎች ተቀባይነት አግኝተው ነበር። ለእያንዳንዱ አጭር ቪዲዮ ተቀረጸ፤ ለእያንዳንዱም አጥኚው ራሱ በቪዲዮ ተገኝቶ የሚጠየቅበት ሰዓት ተመደበ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። አንዱ ሰዓት የእርስዎ እኩለ ሌሊት ቢሆን ሌላው ቀን ላይ ይውላል። የገጹንም ኮድ ሌላው ጉባኤ እንዲጠቀምበት ክፍት አድርገው ለቀቁት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ላይ 2,700 ያህል ሰው ነበር የተገኘው፤ በኢንተርኔት ከ90 አገሮች ገደማ ከ5,600 በላይ ተሳተፈ።

ምን አመለጠን ላሉት፣ እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ቪዛ የሚባለውን አጥር ለመዝለል ታስቦ የነበረ ጉባኤ፣ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ አጥሩን ለሁሉም አፈረሰው። በአንጻሩ አዳራሹ ከተማው ውስጥ ሲሆን የሚመጣው ሌላ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ተመራማሪ እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚሠሩትን ይጠይቅዎታል፤ በሁለተኛው ቀን ስምዎን ያውቃል። በስክሪን ላይ ያ ተማሪ ከ5,600ው አንዱ ነው፤ ለዚያውም መስመሩ ካልተቋረጠበት። ጉባኤው በአካል አፍሪካ የረገጠው በሜይ 2023 ነው፤ ኪጋሊ ላይ። አዲስ አበባ ተራዋን እንዳሳለፈች ቀርታለች።

ጥያቄ፦ በ2020 እና በ2021 አራት ትልልቅ ጉባኤዎችን በኢንተርኔት ተከታትያለሁ። ከአራቱም የማስታውሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ድክመቱ የእኔ ነው?
— የመረጃ ቋት ባለሙያ

መልስ፦ አይደለም። ልጠይቅዎት፤ በእነዚያ ቀናት ከሥራ ፈቃድ ወስደው ነበር?

ያልወሰዱ ይመስለኛል። ማንም አልወሰደም። የአውሮፕላን ትኬት ትልቁ ጥቅሙ ሰውን ጉባኤው ቦታ ማድረሱ ይመስለናል፤ እኔ ግን ከቢሮ ማስቀረቱ ነው እላለሁ። ሰውየው «የለም፤ ጉባኤ ሄዷል» ይባላል፤ አለቃው አይጠራውም፤ ቤተሰቡም ቧንቧ ፈሰሰ ብሎ አይነግረውም። በኢንተርኔት ጊዜ ንግግሩ፣ ምስሉ፣ ጥያቄው ሁሉ ተሻገረ፤ ያ «የለም» የሚለው ቃል ግን አልተሻገረም። አንዱ መስኮት ላይ ጉባኤ፣ ሌላው መስኮት ላይ የአለቃ መልእክት፣ ጎን ደግሞ የሚንጫጫ ቤት። እርስዎ ጉባኤ አልተካፈሉም፤ ሥራ ላይ ሆነው ሬዲዮ ከፍተው ነበር።

አዘጋጆቹም አልረዱዎትም። ማይክሮሶፍት የሜይ 2020 ቢልድን 48 ሰዓት ያለ ዕረፍት አሰራጨ፤ ለሁሉም የሰዓት ክልል ይዳረስ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ሪኢንቬንት የተባለው የአማዞን ጉባኤ በአዳራሽ አንድ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 18 ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ሦስት ሳምንት የሚሰጥ ግን አይገኝም። ለሁሉም የተመቸ ሰዓት ለማግኘት ሲሉ ለማንም ያልሆነ ሰዓት አበጁ። እኔ ራሴ አንዱን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ለመከታተል ተቀመጥኩ። የነቃሁት የጉባኤው ሊቀመንበር ሁላችንንም ስለ ንቁ ተሳትፏችን ሲያመሰግን ነው።

ድካሙስ? የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 ባወጣው ጽሑፍ አራት ምክንያት ሰጥቷል፤ ፊት ለፊት ሲያፈጥ የሚውለው የዓይን ብዛት፣ የራስን ፊት ሳያቋርጡ ማየት፣ ከወንበር አለመነሳት፣ ምልክት ለመስጠትና ለመረዳት የሚወጣው ተጨማሪ የአእምሮ ጉልበት። የራስዎ ምስል የሚታይበትን መስኮት መደበቅ ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው። ለሌላው ግን መድኃኒቱ ፈቃድ መጠየቅ ነው። አለቃዎ «ቤትህ ተቀምጠህ ለምን ፈቃድ?» ቢልዎት ይህን ገጽ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ምስሎች በካርታ ላይ የሚንቀሳቀሱበት፣ ሲቀራረቡ ድምፅ የሚሰማበት ነገር ነበር። የት ደረሰ?
— ናፋቂ

መልስ፦ ጋዘር ነው የሚሉት፤ በሜይ 2020 የወጣ። የምርምር ጉባኤዎች ለፖስተር ማሳያ ተጠቅመውበታል፤ ለእሱ በደንብ ይሠራል፤ ለሌላው መጫወቻ ነበር። ገንዘቡ የጎረፈው ሆፒን ወደተባለው የኢንተርኔት ጉባኤ ማዘጋጃ ኩባንያ ነው። በ2019 ለንደን ተመሥርቶ በኦገስት 2021 ዋጋው 7.75 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለለት፤ በኦገስት 2023 የዝግጅት ክፍሉን ሪንግሴንትራል ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። አዳራሾቹ ተከፍተዋላ!

ጥያቄ፦ በሚመጣው ወር በኢንተርኔት ጉባኤ ላይ በቀጥታ እንድናገር ተጋብዣለሁ፤ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ምክር ብቻ ይስጡኝ።
— ፈሪ ተናጋሪ

መልስ፦ አንድ ብቻ ካሉ እነሆ። ኮምፒውተርዎን በገመድ ከኢንተርኔቱ ያገናኙ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግርዎታል። እኔ የምለው ይህን ነው፤ አጠገብዎ ውኃ ያስቀምጡ። ጨርሰው «ጥያቄ ያለው?» ካሉ በኋላ ብርጭቆውን አንስተው፣ ካሜራውን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ይጠጡ። ብርጭቆው ትልቅ ይሁን።